የታሰረው ግንድ

ያልሰማ ቀረብ ይበል፤ የሰማም እንዳልሰማ ሆኖ ይቀመጥ።

ድሮ ድሮ፣ ወንዞች ገና ስም ሳይወጣላቸው፣ ሁለት ወንዞች በሚገናኙበት ቦታ አንድ ጥቅጥቅ ያለ ጫካ ነበር። አራዊቱ በሰላም ይኖሩ ነበር ማለት ውሸት ነው። ጉልበት ያለው ያባርር ነበር፤ እግር ያለው ይሸሽ ነበር። እንዲህ ሲኖሩ አንድ ክረምት ሁለቱም ወንዞች በአንድ ቀን ሞልተው ወጡ። ውሃው አባራሪና ተባራሪ ሳይለይ ሁሉንም ጠራርጎ ይዞ ሄደ።

ግንዱ የመጣው ያን ጊዜ ነው። ከወንዙ ራስ፣ ማንም ሄዶ ከማያውቀው አገር፣ አንድ ግዙፍ የዋርካ ግንድ እየተንሳፈፈ መጣ። ማን እንደላከው ያየ የለም። ነገር ግን ልክ በሚያስፈልግበት ሰዓት፣ ልክ በሚያስፈልግበት በኩል ስለመጣ፣ ላኪ የለውም ብሎ የተከራከረ አንድም እንስሳ አልነበረም።

ሚዳቋ በዚያ ቀን ከበኩር ልጇ ጋር ውሃው ውስጥ ነበረች። ከዚያ በኋላ የሆነውን ለማስታወስ ደጋግማ ሞክራለች። አራት እግሯን ባላት ኃይል ሁሉ መወርወሯን ታስታውሳለች። ከሆዷ ስር አንድ ጠንካራ ነገር ብድግ ሲያደርጋትም ታስታውሳለች። የትኛው እንደቀደመ ግን አታውቅም። ዓይኗን ስትገልጥ ግንዱ ላይ ነበረች። ልጇ ግን አጠገቧ አልነበረችም።

ውሃው ሲጎድል ግንዱ ከኮረብታው ስር ባለው መስክ ላይ አረፈ። የተረፉት እንስሳት ጭቃቸውን እያራገፉ እርስ በርስ ተያዩ። ነብር እንኳ ያን ዕለት ሚዳቋን አይቶ ፊቱን አዞረ። ከዚያ ቀን ጀምሮ "ወንድም"፣ "እህት" ተባባሉ። በየሰባት ቀኑ ግንዱ ዙሪያ እየተሰበሰቡ ምስክርነት ይሰጡ ጀመር።

መጀመሪያ ላይ ምስክርነቱ አጭር ነበር። አንዱ ይነሣና፣ "ውሃ ሊወስደኝ ነበር፤ አልወሰደኝም" ይላል። ሌላው፣ "እኔንም" ይላል። ከዚያ ሁሉም አብረው ጥቂት ያለቅሱና ወደየቤታቸው ይበተናሉ።

ነገር የመጣው ከዝንጀሮ ነው። ዝንጀሮ አንደበተ ርቱዕ ስለነበር አጭር ምስክርነት አይጥመውም። አንድ ቀን ደረቱን ነፍቶ ተነሣ።

"ወንድሞችና እህቶች፣ ግንዱ መጣ፤ መምጣቱስ መጣ። እኔ ግን ዘለልኩ! ባልዘልል ኖሮ ዛሬ የት ነበርኩ? መዝለልም አለመዝለልም በእጄ ነበር፤ እኔም መረጥኩ!"

ጭብጨባው ቀለጠ። ኤሊ ግን ከቅርፊቷ ውስጥ አንገቷን ቀስ ብላ አወጣች።

"ወንድም ዝንጀሮ፣ እስቲ እኔን እየኝ። እኔ የምዘልል እመስልሃለሁ?"

አንዳንዱ ሣቀ።

"እኔ እጅና እግሬን ሰብስቤ እንደ ድንጋይ እየሰጠምኩ ነበር" አለች ኤሊ። "ግንዱ ራሱ ከስሬ ገብቶ አነሣኝ። እኔ ምንም አላደረግኩም። አንተም ምንም አላደረግህም። ዘለልኩ የምትለው እሱ ሲያነሣህ ነው።"

"መዝለሌን እኔ አላውቅም?"

"አታውቅም።"

"እግሩ የኔ፣ ጭራው የኔ፣ መቀመጫዬም የኔ!"

"እግሩን የሰጠህ እሱ ነው፤ ጭራውንም እሱ ነው። የመቀመጫህን ነገር ግን ተወው፤ እሱን ሁላችንም እያየነው ነው።"

ከዚያ ቀን በኋላ ጉባኤው ለሁለት ተከፈለ። በዝንጀሮ በኩል የቆሙት ዘላዮች ተባሉ፤ በኤሊ በኩል የቆሙት ደግሞ ተነሺዎች። ዘላዮች እምነታቸው እንዲታይላቸው የትም ሲሄዱ እየዘለሉ ሆነ። አንካሳው ከርከሮ እንኳ ውሃ ሊጠጣ ሲወርድ እየዘለለ ይሄድና በአፍንጫው ይደፋ ነበር። ተነሺዎች ደግሞ ምንም አለማድረግን ተያያዙት። ጃርት ከሾላ ዛፍ ስር አፉን ከፍቶ ተጋድሞ ይውላል። ሲርበው ግራ ቀኙን ያይና ከመሬት ለቀም ያደርጋል። ያየው ካለም፣ "ፍሬው ራሱ ገባ" ይላል።

"ወንድም"፣ "እህት" መባባሉ አልቀረም። ነገር ግን ጥርስ ለማሳየት ያህል ነበር።

ሚዳቋ መሐል ላይ ትቀመጥ ስለነበር ዘላዮች የተነሺዎች ናት ይሏታል፤ ተነሺዎችም የዘላዮች ናት ይሏታል። እሷ ግን በሆዷ የያዘችው ሌላ ጥያቄ ነበር። አንድ ቀን እንደ ምንም ደፍራ ወደ ዝንጀሮ ቀረበች።

"ወንድም ዝንጀሮ፣ ልጄስ?"

"ያሳዝናል፣ እህቴ" አለ ዝንጀሮ ቅማሉን እየለቀመ። "በደንብ አልዘለለችም።"

"የሦስት ሳምንት ልጅ ነበረች።"

"እሱን ነው የምለው። ከልጅነት መለማመድ ጥሩ ነው።"

ሚዳቋ ከዚያ ወደ ኤሊ ሄደች።

"አትዘኚ፣ እህቴ" አለቻት ኤሊ። "ግንዱ ለእሷ አልተላከም ነበር።"

"እንዴት አወቅሽ?"

"ባለመዳኗ።"

ሚዳቋ ሁለቱንም አመስግና ሄደች። ከዚያ በኋላ ስለ በኩር ልጇ ማንንም አልጠየቀችም።

ዓመቱ ሲጋመስ በግንዱ ምክንያት ሌላ ጠብ ተነሣ። ዘላዮች፣ "ተነሺዎች ግንዱን አንከባልለው ወደ ሰፈራቸው ሊወስዱት ነው" ብለው ጠረጠሩ። ተነሺዎችም ስለ ዘላዮች ይህንኑ ጠረጠሩ። ስለዚህ ዘላዮች ጠንካራ ሐረግ አምጥተው ግንዱን ከመስኩ ዳር ካሉት ሁለት ዛፎች ጋር አሰሩት። በማግስቱ ተነሺዎች በወዲያኛው በኩል ካሉት ሁለት ዛፎች ጋር አሰሩት። "ምንም አናደርግም አላላችሁም ወይ?" ተብለው ሲጠየቁ ጃርት፣ "እኛ መች አሰርን፤ ማለዳ ስንነቃ ታስሮ አገኘነው" አለ። ሐረጉን ሲጎትት ስላደረ ግን እሾሁ ላይ ገና ቅጠል ተሰክቶ ነበር።

ሁለቱም ወገኖች ሕግ አወጡ። የማይስማሙት ሁሉ በዚህ ተስማሙ፦ ምስክርነት የሌለው ግንዱ ላይ አይወጣም።

በዚህ መካከል ሚዳቋ ሌላ ልጅ ወለደች። ስሟን ተረፈች አለቻት። ተረፈች እግሯ ቀጭን፣ ጆሮዋ ሰፊ፣ ጥያቄዋ ብዙ ነበር። የክረምቱ ደመና ከወንዙ ራስ በኩል መጥቆር ሲጀምር የሚዳቋ እንቅልፍ ጠፋ። ውሃው ተመልሶ ቢመጣ ይህችኛዋ ልጅ የት ትቆማለች? ልጇን አስከትላ ወደ ዝንጀሮ ሄደች።

"ለልጄ ግንዱ ላይ ቦታ ስጥልኝ፣ ወንድሜ።"

"ደስ ይለኛል!" አለ ዝንጀሮ። "ነይ፣ የኔ ቆንጆ። 'ዘለልኩ' በይ።"

"መቼ?" አለች ተረፈች።

"በጎርፉ ጊዜ ነዋ።"

"አልተወለድኩም ነበር።"

ዝንጀሮ ወደ እናቷ ዞረ። "ልጅሽ ትከራከራለች።"

"ሳትወለድ እንዴት ትዝለል?"

"እኔ አላስገድዳትም፤ ማስገደድ ከትምህርታችን ውጭ ነው። ዘልላ ስትመርጥ ያኔ እንቀበላታለን።"

"የት ነው የምትዘልለው?"

"ግንዱ ላይ።"

"እንግዲያው አሁን ትውጣና ትዝለልበት።"

"ምስክርነት የሌለው አይወጣም" አለ ዝንጀሮ።

ኤሊ ዘንድ ሄዱ። ኤሊ ተረፈችን ከላይ እስከ ታች ለረጅም ጊዜ አየቻት።

"አንቺ ልጅ፣ ተነሥተሻል?"

"እማዬ ጧት ጧት በአፍንጫዋ ታነሣኛለች።"

"እሱን አይደለም። ተመርጠሻል ወይ?"

"በምን ይታወቃል?"

"ግንዱ ላይ በመገኘት" አለች ኤሊ።

"እንግዲያው ላውጣት" አለች ሚዳቋ።

"አንቺ ካወጣሻትማ አልተነሣችም፤ ወጣች እንጂ!" አለችና ኤሊ አንገቷን አስገባች። ከቅርፊቷ ውስጥ ድምፅዋ ብቻ መጣ። "ጠብቂ፣ እህቴ። የተመረጠች ከሆነች ምንም አትሆንም። ካልሆነችም ልፋትሽ ከንቱ ነው። በሁለቱም በኩል ያለሽ ነገር መጠበቅ ነው።"

ሚዳቋ ወደ መስኩ ተመልሳ ግንዱ ጥግ አንገቷን ደፍታ አለቀሰች። ወዲያው ከግንዱ ሆድ ውስጥ፣ ከአንድ ጉድጓድ፣ ጢሙ የሸበተ አይጥ ብቅ አለ።

"ኧረ እባክሽ፣ ደጄን አታርጥቢብኝ" አለ። ከዚያ ፊቷን ሲያይ ድምፁን ዝቅ አደረገ። "ምን ሆነሽ ነው?"

ሁሉንም ነገረችው። አይጥ አፍንጫውን እያንቀሳቀሰ ሰማት።

"አንተስ ከየትኛው ነህ፣ አያ አይጥ?"

"ከየትኛውም። አንድ ቀን ልመሰክር ተነሥቼ ነበር። 'ዘለልክ ወይስ ተነሣህ?' አሉኝ። 'ድሮውንም ውስጥ ነበርኩ፤ ከወንዙ ራስ ጀምሮ የምኖረው እዚሁ ጉድጓድ ውስጥ ነው' አልኳቸው። ዝንጀሮና ኤሊ ለመጀመሪያ ጊዜ ተስማሙና 'ተቀመጥ!' አሉኝ።"

ሚዳቋ ዓይኗ ፈጠጠ። "ከላይ ከመጣህማ ላኪውን አይተኸዋል!"

"ተኝቼ ነበር" አለ አይጥ አፍሮ። "የነቃሁት ውሃው ላይ ከሆንን በኋላ ነው። አንድ ነገር ግን በደንብ አውቃለሁ። ያን ጊዜ ግንዱ አልታሰረም ነበር።"

ሚዳቋ ቀና ብላ አራቱን ሐረጎች አየች። እስከዚያች ሰዓት ድረስ ይህን ያሰበ አንድም እንስሳ በጫካው አልነበረም።

ሮጣ ሐረጉ እንዲፈታ ለሁለቱም ወገን ተናገረች። ዘላዮች፣ "እነሱ አስቀድመው ይፍቱ፤ እኛ ከፈታን ይወስዱታል" አሏት። ተነሺዎች፣ "ሊንሳፈፍ ያለው ግንድ ታስሮም ይንሳፈፋል" አሏት። ሐረጉ እንደታሰረ ቀረ።

በሦስተኛው ቀን፣ ፀሐይ ገና ሳታዘቀዝቅ፣ ሁለቱም ወንዞች ሞልተው ወጡ። እንስሳቱ ከየአቅጣጫው ወደ ግንዱ ሮጡ። በአንደኛው ጫፍ ከርከሮ ቆሞ፣ "ምስክርነት! ምስክርነት!" ይላል። በሌላው ጫፍ ጃርት እሾሁን አቁሞ ይህንኑ ይጠይቃል። የቸኮለው ሁሉ "ዘለልኩ!" ወይም "ተነሣሁ!" እያለ ያልፋል። ጥንቸል ተሳስታ በጃርት በኩል "ዘለልኩ!" ብትል መለሷትና በሌላው ጫፍ ዞራ ገባች።

ሚዳቋ ልጇን ይዛ ደረሰች። ከርከሮ ለእሷ መንገድ ለቀቀላት።

"አንቺ ግቢ፤ አንቺ የድሮ ነሽ። ልጅቱ ግን ምስክርነት የላትም።"

"ወንድም ከርከሮ፣ ውሃው ጉልበቷ ደርሷል!"

"ሕጉን እኔ አላወጣሁትም፣ እህቴ። እኔ በር ጠባቂ ነኝ።"

ሚዳቋ አልወጣችም። ልጇን ጎኗ ላይ አስደግፋ ውሃው ውስጥ ቆመች። ውሃው ሆዷ ጋ ደረሰ። ቀጥሎ በግንዱ ጎን ወጣና ዳር ዳር የቆሙትን እግር ነካ። ግንዱ አንዴ ተንቀጠቀጠ፤ ሊነሣ ሞከረ፤ አራቱ ሐረጎች ተወጠሩ፤ ባለበት ቀረ።

"ለምን አይንሳፈፍም?" ብሎ አንዱ ጮኸ።

"ሐረጉ!" አለች ሚዳቋ። "ሐረጉን ንከሱት!"

ዝንጀሮ እጁን አነሣ። "ጸጥታ! ማንም በግድ አይነክስም። እያንዳንዱ በገዛ ፈቃዱ መወሰን አለበት። የሚነክስ እጁን ያውጣ!" ሁሉም የጎረቤቱን እጅ ማየት ጀመረ።

"ንክሻ የሚባል ነገር የለም!" አለች ኤሊ። "መንከስ ላኪውን አለማመን ነው። ሊፈታ ያለው ይፈታል!"

ሚዳቋ ራሷ ቅርቧ ያለውን ሐረግ በአፏ ያዘች። ነገር ግን የሚዳቋ አፍ ለቅጠል እንጂ ለሐረግ አልተሠራም፤ ፊት ለፊት የላይ ጥርስ እንኳ የላትም። ስታላምጠው ድዷ ደማ፤ ሐረጉ ግን ምንም አልሆነም።

በዚህ ጊዜ ጉድጓዱ ውሃ እየገባበት አይጥ ተጣድፎ ወጣ። ግንዱ ላይ ሲወጣ ከርከሮ በክራንቻው ገፋው።

"ምስክርነት የለህም፣ ውረድ!"

አይጥ ወደ ውሃው ወደቀና ከሚዳቋ ጭንቅላት ላይ ተሰቀለ። ተረፈችን አያት። አንገቷ ብቻ ነበር የቀረው።

"ከላይ በኩል ሌላ በር አለኝ፤ እዚያ ያለው ክፍል ሰፊ ነው፤ ገናም ደረቅ ነው" አላት። "ግቢ።"

"ምስክርነት የለኝም" አለች ተረፈች።

"ቤቱ የኔ ነው። እኔ አልጠይቅም።"

ሚዳቋ ልጇን በአፍንጫዋ ገፍታ አስገባቻት። ከዚያ አይጥን ጭንቅላቷ ላይ እንዳስቀመጠች እየዋኘች ወደ መጀመሪያው ሐረግ ወሰደችው። አይጥ ጥርሱን አስገባ።

"የኛን ነው የሚቆርጠው!" ብለው ዘላዮች ጮኹ። "የነሱን አስቀድም!"

ሐረጉ ተበጠሰ። ሁለተኛው ደግሞ የተነሺዎች ነበር።

"ዓይናችን እያየ!" አሉ ተነሺዎች። "ይህ አይጥ የዘላዮች ሰላይ ነው!"

ሦስተኛው ሲበጠስ ግንዱ በአንድ በኩል ተነሣ። ያን ጊዜ ዝንጀሮ በመስኩ ዳር ወዳለው ረጅም ዛፍ ብድግ ብሎ ዘለለ። ኤሊም ከግንዱ ላይ ቀስ ብላ ውሃው ውስጥ ገባችና መዋኘት ጀመረች፤ ለካ ዋና ትችል ኖሯል። ተከታዮቻቸው ሁለቱንም አዩ፤ ግን ጭቅጭቁን ስላልጨረሱ ልብ አላሉም።

አራተኛው ሐረግ ከሁሉም ወፍራም ነበር። ውሃው የሚዳቋን አፍንጫ ሸፈነው። አይጥ እንዲተርፍ አናቷን ከውሃው በላይ አድርጋ ያዘች፤ እሷ ግን መተንፈስ አልቻለችም። ከጭንቅላቷ በላይ ጥርስ ሲፋጭ ሰማች። ቋ ብሎ ተበጠሰ።

ግንዱ ተገለባበጠ። ላዩ ላይ የነበሩት ሁሉ ረገፉና መልሰው ተሰቀሉ፤ መዝለላቸውን ይሁን መነሣታቸውን የተመለከተ አልነበረም። ሚዳቋ ወደ ውሃው ሆድ ወረደች። አራት እግሯን በቀራት ኃይል ወረወረች። ከሆዷ ስር አንድ ጠንካራ ነገር ብድግ አደረጋት። የትኛው እንደቀደመ አሁንም አላወቀችም። ዓይኗን ስትገልጥ ግንዱ ላይ ነበረች፤ አይጥ በጆሮዋ ተንጠልጥሏል፤ ከጉድጓዱ ውስጥ ደግሞ ቀጭን ድምፅ፣ "እማዬ! እማዬ!" ይላል።

ውሃው ጎደለ። ግንዱ ከሌላ መስክ ላይ አረፈ። በሰባተኛው ቀን ጉባኤ ተጠራ። ዝንጀሮ ከዛፉ ወርዶ፣ ኤሊም ከወንዙ ወጥታ በየቦታቸው ተቀመጡ። ጉባኤው ማታ ሲበተን ለአራት ተከፍሎ ነበር። አንደኛው ወገን፣ አይጥ የነከሰው በገዛ ምርጫው ነው አለ። ሁለተኛው፣ ጥርሱ ራሱ ተንቀሳቀሰ እንጂ አይጥ የለበትም አለ። ሦስተኛው፣ ሐረጉ ቀድሞም በስብሶ ነበር አለ። አራተኛው፣ አይጥ የጉባኤውን ንብረት በማበላሸቱ ይቅርታ ይጠይቅ አለ።

ተረፈችንም አቆሟት። "ዘለልሽ ወይስ ተነሣሽ?"

"አያ አይጥ 'ግቢ' አለኝ፤ እማዬ ገፋችኝ፤ ገባሁ።"

"ተቀመጪ!" አሏት አራቱም።

በአንድ ነገር ግን በሙሉ ድምፅ ተስማሙ። ልጅቱ የዳነችበት ጉድጓድ የተከበረ ስለሆነ ምስክርነት የሌለው እንዳይኖርበት ተወሰነ። አይጥንም በትሕትና፣ "ወንድም" እያሉ አስወጡት። ግንዱ እንዳይጠፋባቸውም በስምንት ሐረግ አሰሩት። የሚነክስ እንዳይደፍረው ሐረጉን ሁሉ የቁልቋል ወተት ቀቡት።

ሚዳቋና ተረፈች አይጥን ወንዙ ዳር ድረስ ሸኙት።

"ወዴት ነው?" አለችው ሚዳቋ።

"ወደ ላይ። ወደ ወንዙ ራስ" አለ አይጥ። "በዚህኛው ጊዜ አልተኛም። ላኪውን ካገኘሁት ምን ልበልልሽ?"

ሚዳቋ ወደ መስኩ ዞራ አየች። እዚያ ከርከሮና ጃርት ዘጠነኛውን ሐረግ በሁለት በኩል ይዘው እየተጓተቱ ነበር።

"እንዴት እንደዳንኩ አሁንም አላወቅኩም፤ ግን አመሰግናለሁ በለው" አለች። ከዚያ የቆሰለ ድዷን ላሰች። "ግንድ አለን። ከቻለ ጥርስ ይላክልን።"